ጠርሙሱን ይዘህ «ከውጭ መጣ» አትበል

«ሴት ሴትን ወደደች የሚባል ነገር በእኛ አገር አልነበረም፤ ፈረንጅ ነው ያመጣው» አልክ። አምቦ ላይ ተቀምጠህ፣ አምቦ ውሃ እየጠጣህ! ክዳኑን ስትከፍተው «ፍሽሽ» ብሎ አፍንጫህን ነካው። ምንጩ ጋ ሂድና እይ፤ ከገዛ መሬትህ እየፈላ ነው የሚወጣው። ከመሬትህ የፈላውን ሁሉ «ከውጭ መጣ» ካልክ፣ ነገ በጥም ትሞታለህ።

አልነበረም? ታዲያ ሕጉ ማንን ነው የሚከለክለው? የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ከለከለ። የ1996ቱ ደግሞ በአንቀጽ 629። ወንዝ በሌለበት ድልድይ የሚሠራ አይተሃል? ያውም ሁለቴ! የውጭ ዕቃ ካማረህ ደግሞ ልንገርህ፦ የ1949ኙን ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቨን የሚባል የስዊዘርላንድ ፕሮፌሰር ነው። ፈረንጅ ያመጣው አንቀጹን ነው፣ ወንድሜ! ሰዎቹማ እዚሁ ተወለዱ፣ እዚሁ ተከተቡ፣ እዚሁ ሚኒስትሪ ተፈተኑ።

ወረቀት አልበቃህም? ብራና ላምጣልህ። የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ገድል ገላውዴዎስ የጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1672 ነው። ቅድስቲቱና ባልንጀራቸው እኅተ ክርስቶስ ገና ከሩቅ ሲተያዩ እንደተፋቀሩ፣ እስከ ሞትም እንዳልተለያዩ ይናገራል። በዚያው አቆጣጠር በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሞ ሲወጣ ጭቅጭቁ ጣናን አናወጠው። ከተርጓሚዎቹ አንዷ ዌንዲ ቤልቸር «የመነኮሳይያት የእርስ በርስ ምኞትም ተጽፏል» አሉ፤ የእኛ ሊቃውንት «መንፈሳዊ ፍቅር ነው፣ ትርጉሙ ተጣመመ» ብለው ሞገቱ። ቅድስቲቱን እኔ ወደ ማንም ወገን አልጎትትም። ጭቅጭቁ ግን የተነሣው በግእዝ ቃል ላይ ነው። ብራናው የፍየል ቆዳ ነው። ፍየሏም የጄኔቫን ሣር አልቀመሰችም!

ደግሞስ «አልነበሩም» የምትላቸው ሰዎች ራሳቸውን ምን ብለው እንደሚጠሩ ታውቃለህ? «ዜጋ»። አዎ፣ ዜጋ! አንተ «እንግዳ» ስትላቸው እነሱ «ዜጋ» አሉህ። በዚህ ቃል እንዴት ትሰድባቸዋለህ? «አንተ ዜጋ!» ብለህ ብትጮህ «አቤት» የሚልህ መቶ ምናምን ሚሊዮን ሕዝብ ነው፤ እናትህም ጭምር።

ፋሪስ ኩቺ ገዛኸኝና ባህሩ ሸዋዬ ውጭ አገር ሆነው የዜጎቹን የመብት ድርጅት ሲያቋቁሙ ስሙን «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» አሉት። ጉራማይሌ! የአያትህን ድድ አስታውስ፤ ጥቁርና ቀይ እየተፈራረቀ በመርፌ የተነቀሰውን። ስትስቅ ነበር የሚታየው። ያን ጊዜ «ቀዩን ፍቀሽ ጥቁሩን ብቻ ተዪልኝ» አላልካትም፤ ሁለቱ ሲደባለቁ ነበር ያማረባት። «እነዚህ ሰዎች የእኛ አይደሉም» ካልክ ደግሞ፣ ከባህሩ ስም ላይ ሸዋን ቀንስ። «ዬ!» ብለህ ትቀራለህ።

«ሴት ለሴት ምን አላት?» ደግሞ ብለሃል አሉ። ሲንቄ አላት! ባንኩን አይደለም፣ በትሩን። እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምታስጨብጣትን። ሚስቱን የደበደበ ባል ደጅ ላይ ሴቶቹ ሲንቄ ይዘው፣ እየዘፈኑ ሲወጡ ያየ ያውቃል፤ እስኪክስ ድረስ ወጥ የሚሠራለት የለም። ሲንቄ የባለትዳሮች ነው፤ የዜጎቹ ነው አላልኩም። ግን ሴት ለሴት ስትቆም፣ ዘፈኗን ለልጇ ስታወርስ፣ ከጊንጪ እስከ ጉደር አዲስ ነገር አይደለም። ወዳጇ ሴት የሆነችው ሴት ግን ዘፈኗን የምታወጣበት ደጅ የላትም። ታላቋ ለታናሿ «እኔም እንዳንቺ ነበርኩ፤ ይኸው አርጅቻለሁ» የምትለው በር ዘግታ፣ ሬድዮ ከፍ አድርጋ፣ በጆሮዋ ነው። ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመስማት ስንት ዓመት የጠበቀች ልጅ አለች! አንተ «አልነበሩም» የምትለው ስላልሰማህ ነው። ስለማትሰማም የሚነግርህ የለም፤ አፍህ ክፍት፣ ጆሮህ ክድን ነውና።

ይቺ አምቦ በጃንሆይ ጊዜ ስሟ ሀገረ ሕይወት ነበር። «የእነ እገሌ ሕይወት ሲቀር» የሚል ጽሑፍ መግቢያዋ ላይ አልነበረም።

በል፣ ጋዙ ሳይወጣ ጠጣ። ሂሳብህን እኔ ከፍያለሁ። መልሱን ያዘው።