ኳስ ሁሉ ኳስ ነው ላልከኝ

ፑል ቤት ውስጥ ከሚጫወተው ይልቅ ግድግዳ ተደግፎ የሚያየው ሰው ብዙ ያወራል። ስቲክ ሳይጨብጥ ምትህን ያርማል፣ ሳይከፍል ይፈርዳል። ስንት ዓመት ሰምቼ አለፍኩ! ይህን ጨዋታ ስለምወደው ግን ዛሬ ለእያንዳንዱ መልሱን እሰጣለሁ።

«ኃይል ጨምርበት እንጂ!»

ጤፍ እየወቃሁ አይደለም ወንድሜ! ነጯ ኳስ መሀሏን ስትመታ ወዲያው አትንከባለልም፤ ሳሙና የፈሰሰበት ወለል እንደረገጠ ልጅ ትንሸራተታለች። ከዚያ ጨርቁ እየያዛት መሾር ትጀምራለች። ሙሉ በሙሉ ስትንከባለል ከተነሣችበት ፍጥነት ከሰባት እጅ አምስቱ ብቻ ይቀራታል። ከመነሻዋ እንድትንከባለል ከፈለግህ ከመሀሏ 11 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብለህ ምታት። ወደ 14 ሚሊ ሜትር ከተጠጋህ ግን የስቲኩ ጫፍ ያንሸራትትና ኳሷ ወዳላሰብከው ትበራለች። በሁለቱ መካከል ያለችው ሦስት ሚሊ ሜትር ናት። ለሦስት ሚሊ ሜትር ዓይን ይበቃል፤ ጡንቻህን ሲሚንቶ ለማውረድ አስቀምጠው።

«ነጯ ራሷ ተመለሰችለት፤ አስደግሞባት መጥቶ ነው!»

ድግምቱ ከወገቧ በታች ነው፤ ጎንበስ በልና እየው። ዝቅ ብዬ ስመታት ወደ ፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሾራለች። ሌላዋን ፊት ለፊት ስታገኛት የሩጫዋን ፍጥነት ታስረክባታለች፤ ሽክርክሪቷን ግን ለራሷ ታስቀራለች። ያን ጊዜ ጨርቁ በሽክርክሪቷ ይዞ ወደ እኔ ይጎትታታል። ከሩቅ ስትሞክረው ለምን እንደማይሆንልህ ልንገርህ? መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው። ሳትደርስ በፊት ጨርቁ ሽክርክሪቷን በልቶ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ ከሩቅ የሚመታ ሰው ይበልጥ ዝቅ ማለትና መፍጠን አለበት።

«ግራዋን መትቷት ወደ ቀኝ ሄደች፤ ጠረጴዛው ጠማማ ነው!»

ጠረጴዛውን አትማው። ግራዋን ስትመታት መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ቀኝ ትሸሻለች፤ የተገፋ ሁሉ ከገፊው ይሸሻል። የስቲኩን ቂጥ ከፍ አድርገህ ከመታህ ደግሞ መንገድ ላይ ወደ ግራ ትታጠፋለች። ስትጋጭም የሌላዋን ገላ በሽክርክሪቷ አሽታ ወደ ቀኝ ትገፋታለች፤ ሁለት የሰዓት ጥርሶች ሲነካኩ አንዱ ሌላውን በተቃራኒው እንደሚያዞረው ማለት ነው። ከጠርዙ ጎማ ጋር ስትገናኝ ግን ያ የግራ ሽክርክሪት ወደ ግራ ይወስዳታል። እንግዲህ በአንድ ምት ሦስት አራት ነገር ይፈጸማል፤ አንተ የቆጠርከው አንዱን ነው።

«ጠመኔውን እንደ ሽቶ ምን ያስቀባሃል?»

ቆዳው እንዳያንሸራትት ነዋ! በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስሙ የገነነው ፈረንሳዊው ሚንጎ በስቲኩ ጫፍ ላይ ቆዳ አድርጎ ኳስን እንዴት ማሾር እንደሚቻል ለሰው አሳየ። ባዶ እንጨት ከመሀል ራቅ ብሎ ሲነካት ያመልጣታል፤ ቆዳና ጠመኔ ግን ይይዟታል።

«ለጨዋታ ይህን ያህል ሒሳብ?»

አዎ፣ ይህን ያህል! የምድር መሽከርከር ነፋስን እንዴት እንደሚያጣምም ሲማሩ ስሙን የሚጠሩት ኮሪዮሊስ እ.ኤ.አ. በ1835 ስለ ቢሊያርድ ሒሳብ አንድ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሟል። እሱ ያልናቀውን አንተ ምነው ናቅህ?

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ።

«ኳስ ሁሉ ኳስ ነው፤ ሰበብ አታብዛ!»

ጫማ ሁሉ ጫማ ነው ብለህ ግራውን 38፣ ቀኙን 42 አድርገህ ተራመድ እስቲ! የፑል ኳስ 57.15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ከ156 እስከ 170 ግራም። የስኑከሩ 52.5 ነው፤ የከረምቡላው ወደ 61.5 ይደርሳል፤ ሩሲያውያን ፒራሚድ ለሚሉት ጨዋታቸው 68 ሚሊ ሜትር ያለውን ያነሣሉ። በእንግሊዝ መጠጥ ቤቶች ባለ ቀለሞቹ 50.8 ሆነው ነጯ 47.6 የምትሆንበት ጠረጴዛ አለ፤ ገንዘብ የሚበላው ጠረጴዛ ነጯን በትንሽነቷ ለይቶ እንዲመልሳት ነው። ጠረጴዛው ተመችቶታል፤ ተጫዋቹ ግን ሌላ ጨዋታ መማር አለበት። ኳሶቹ ከአንድ ዓይነት ነገር ከተሠሩ ያቺ ነጭ ከሌሎቹ በክብደት 18 በመቶ ያህል ታንሳለች። ሳትሾር ፊት ለፊት ብትጋጭ እንኳ በቦታዋ አትቆምም፤ ከፍጥነቷ አንድ አሥረኛ በሚሆን ወደ ኋላ ትመለሳለች።

የኛ ሰፈር ጣጣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። አሮጌዋ ነጭ ትጠፋለች፤ ከሌላ ስብስብ የተረፈች ትመጣለች። ነጭ ከሆነች ማን ይጠይቃል? እኔ እጠይቃለሁ! መጪዋ 170 ግራም ብትሆን፣ ባለ ቁጥሮቹ ደግሞ አርጅተው 160 ቢሆኑ፣ ቀጥ ብላ ልትቆም የሚገባት ነጭ ከፍጥነቷ 3 በመቶውን ይዛ ወደ ፊት ትሄዳለች። ሦስት በመቶ ምን አላት አትበለኝ። ወደ ኋላ ልጎትታት ስል መጀመሪያ ከዚያች ሩጫ ጋር እጣላለሁ። በጎን ስትነካትም እኩያሞች ቢሆኑ ሳትሾር በ90 ዲግሪ ይለያዩ ነበር፤ ከባዷ ግን ከዚያ ያነሰ ትከፍታለች። ዓመት ሙሉ የለመድኩት ማዕዘን በአንድ ኳስ ተሰረዘ። አንተም ከግድግዳው ሆነህ «እጁ ተበላሸ» ትላለህ። እጄ ደኅና ነው፤ ሚዛን አምጣ!

ልጆቹ ያሳዝኑኛል። አንድ ጎረምሳ በዚያች ከባድ ነጭ ይማራል፤ እንድትቆም ሁልጊዜ ትንሽ ዝቅ ብሎ መምታት ይለምዳል። ሌላ ሰፈር ሄዶ እኩል ኳስ ሲያገኝ ነጯ ወደ ኋላ ትመለስበትና ይሸነፋል። ማንም ምክንያቱን አይነግረውም። ከኪሱ ይከፍላል፣ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

«ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ኳስ ውድ ነው!»

ውድ መሆኑን አውቃለሁ። ሳሙናና ለብ ያለ ውሃ ግን ውድ አይደለም። የእጅ ወዝና የጠመኔ ብናኝ የተለጠፈባት ኳስ ስትጋጭ ገላ ለገላ ትያያዛለች፤ የተመታችው ከመንገዷ ትወጣለች። ቀዳዳው ከንፈር ላይ የምትቀረው ጥቁሯ ስንት ጊዜ በዚህ ቀርታለች! ማታ ታጥባ በለስላሳ ጨርቅ ትድረቅ።

ትናንት ጨዋታ ተሸንፌ ልከፍል ስል ባለቤቱ ሰምተውኝ ኖሯል። «ልጄ፣ አዲስ ነጭ ልግዛልህና ይብቃህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ አዲሷን ሳይገዙ በፊት አንዷን ባለ ቁጥር ኪስዎ ይክተቱና ወርቅ ቤት ጎራ ይበሉ፤ እዚያ ደህና ሚዛን አለ። ከእሷ ጋር እኩል የምትመዝነውን ነጭ ካመጡልኝ የመጀመሪያውን ጨዋታ እኔ እከፍላለሁ፣ ብሸነፍም ባሸንፍም።»

ባለ ስምንቷን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱ።