የማንያውቃል ልጆች

ተረት ተረት። «የመሠረት» ብላችሁኛል ብዬ ልቀጥል።

ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ፣ አንዲት ባልቴት ይኖሩ ነበር። ለውሻቸው «ማንያውቃል» ብለው ስም አወጡላት። በእኛ አገር የውሻ ስም ሁልጊዜ ለውሻው ብቻ አይወጣም፤ ጎረቤት ሰምቶ ልክ እንዲገባ የሚወጣም አለ። ከአጥሩ ማዶ አንድ ነገረኛ ሰው ነበርና ማታ ማታ ባልቴቲቱ በር ላይ ቆመው «ማንያውቃል! ነይ ማንያውቃል!» ሲሉ መልእክቱ ይደርሰው ነበር። በኋላ ነገረኛው ቤቱን ለቆ ሄደ፤ ስሙ ግን ውሻዋ ላይ ቀረ።

ነገሩ የተጀመረው በቅበላ ነው። የሥጋ ቤቱ ደጅ አጥንት በአጥንት በሆነበት በዚያ እሑድ ማንያውቃል ከጌሾው ሥር ባለችው የአጥር ቀዳዳ ሹልክ ብላ ወጣች፤ ሲመሻሽ ተመለሰች። ቀዳዳዋን የማያውቅ አልነበረም። ድመት ለአደን ትወጣባታለች፤ አውራ ዶሮ የጎረቤት እህል ሊለቅም ይሄድባታል። ሁሉም ስለሚጠቀምባት ትደፈን የሚል አልተገኘም።

ሰኞ ሁዳዴ ገባ። 55 ቀን ሙሉ አጥንት የሚባል ነገር ከግቢው ጠፋ፤ የማንያውቃልም ምሳ ራቷ ሽሮ የነካው ፍርፋሪ ሆነ። ይሁንና ጾሙ ሲጋመስ ውሻዋ ወፈረች። በጾም የሚወፍር ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? አውራ ዶሮ «ጾም ትገድፋለች» ብሎ ወሬውን ነዛ። ባልቴቲቱም የምትሰርቀው ነገር ያለ መስሏቸው የጓዳቸውን በር ይቆልፉ ጀመር። ሆዷ ዝቅ፣ ጡቶቿ ቀላ ማለታቸውን አይታ ነገሩ የገባት አህያ ብቻ ነበረች፤ አምስት ጊዜ ወልዳለች። ግን ለማንም አልተነፈሰችም። አህያን ማን ጠይቆ ያውቃል?

ፋሲካ አለፈ። በዳግም ትንሣኤ ሌሊት፣ ከቅበላው እሑድ ሲቆጠር ልክ በ63ኛው ቀን፣ ማንያውቃል ከማገዶው ክምር ሥር አፈሩን ጫር ጫር አድርጋ ተኛች። ጥቂት አለከለከች። የመጀመሪያው ቡችላ በስስ ሽፋን እንደተጠቀለለ ወጣ። ሽፋኑን በጥርሷ ቀደደች፤ እትብቱን ቆረጠች፤ «ሲጥ» እስኪል ድረስ አገላብጣ ላሰችው። የእንግዴ ልጁን በላችው፤ ከተራራው ለሚወርድ አፍንጫ ሽታ ማስተረፍ አልፈለገችም። እንዲህ ስድስት ጊዜ። ሲነጋ ሁለት ጥቁር፣ ሁለት ቀይ፣ አንድ ነጭ፣ አንዲት ዝንጉርጉር ቡችሎች ሆዷ ላይ ተደርድረው ነበር። ዓይናቸው የተከደነ፣ ጆሯቸው የተዘጋ ነው። የሚያውቁት ሙቀት በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነው።

ባልቴቲቱ ማገዶ ሊያነሱ ሄደው «በስመ አብ!» አሉ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ ገብተው ገንፎ አገነፉ። ጎረቤት ለውሻ ገንፎ ብሎ ሲስቅ «አራስ አራስ ናት» አሉት።

የግቢው ጉባኤ ገንፎው ሳይበርድ ተሰበሰበ። ሰብሳቢዋ አባትሽ ማን ነው ሲሏት አጎቷን የምትጠራው ያቺው እመት በቅሎ ነበረች። እመት ድመት ቃለ ጉባኤ ያዘች። አውራ ዶሮ የሕዝብ ግንኙነት ሆነ። በግ በፋሲካ ምክንያት አልተገኘም፤ ቆዳው ግን አጥሩ ላይ ተሰጥቶ ነበር።

«አባታቸውን ጥሪ» አለች በቅሎ።

«እመት በቅሎ፣ ላጥባቸውና ልምጣ።»

«መጀመሪያ አባት፤ ጡት ኋላ ይደርሳል።»

ማንያውቃል መልስ ሳትሰጥ ተመልሳ ተኛች። አባቶቹ ግን ራሳቸው መጡ፤ የመጡትም በቀዳዳዋ ነው። የወፍጮ ቤቱ ጥቁር ውሻ ትከሻው ላይ ዱቄት እንደነሰነሰ ቀረበና ጥቁሮቹ የእኔ ናቸው አለ። የሥጋ ቤቱ ቀይ ውሻ ቀዮቹን ጠየቀ። የብረት በሩ ላይ «ከውሻ ተጠንቀቅ» የሚል የተለጠፈበት ግቢ ነጭ የፈረንጅ ውሻ ደግሞ ነጩን ብቻ በሩቁ አሽትቶ «ይህ ከእኛ ነው» አለ፤ ሌሎቹን ቀና ብሎም አላያቸው። ማናቸውም አልዋሹም። የእንስሳት ሐኪም ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ አንዲት ውሻ በአንድ እርግዝና ከሁለትም ከሦስትም አባት ልትወልድ ትችላለች። ስድስቱ በአንድ ማሕፀን ጎን ለጎን ተኝተው ሁለት ወር ከርመዋል። ጉባኤው ከዚህ ሁሉ የሰማው «የተለያየ አባት» የሚለውን ብቻ ነው።

«እንግዲያው ይለዩ» ተባለ። ልጅ በመልኩ ለአባቱ! ጥቁሮቹ በርሜሉ ሥር፣ ቀዮቹ ደረጃው ሥር፣ ነጩ ከዶሮው ቤት ጎን እንዲያድሩ ተወሰነ። ዝንጉርጉሯን የኔ ናት ያለ ስላልነበረ «ባለቤቷ እስኪቀርብ» ቀዳዳዋ አጠገብ ትቀመጥ ተባለ። አባቶቹ አጨበጨቡ፤ ልጆቻችንን በደማችን እንጠብቃለን ብለው ወደየመጡበት ተመለሱ። አንዳቸውም አጥንት ይዞ አልመጣም። እንግዲህ ፋሲካ ነው፣ አጥንት ጠፋ እንዳይባል!

የሁለት ቀን ቡችላ የራሱን ሙቀት መያዝ አይችልም። ከእናቱና ከወንድሞቹ ሲለዩት ይበርደዋል፤ ከበረደው መጥባት ያቅተዋል። ይህን ጉባኤው አላወቀም፤ ወይም አልተጠየቀም። ማንያውቃል ግን ሲጨልም ተነስታ አንድ በአንድ በማጅራታቸው አንጠልጥላ ማገዶው ሥር ትሰበስባቸዋለች። ጠዋት አውራ ዶሮ ማማው ላይ ወጥቶ ውሳኔው መጣሱን ያውጃል፤ ድመት ትጽፋለች፤ በቅሎ ታስለያቸዋለች። ማታ ደግሞ እናት ትሰበስባለች። ስድስት ሌሊት እንዲህ አለፈ። ከስታ ጎኗ ተቆጠረ።

በሰባተኛው ሌሊት ዝናብ ጣለ። ባልቴቲቱ ቀን እንጀራ ሲጋግሩ ውለው ነበርና የማድ ቤቱ ምድጃ ለብ እንዳለ ነው። ማንያውቃል ስድስቱንም ወስዳ አመዱ ውስጥ አስተኛቻቸው፤ ራሷም ላያቸው ላይ ተጠቀለለች።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አያ ጅቦ በቀዳዳዋ ገባ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል የሚሉ አሉ፤ ይቺ እንኳ ሁላችን ያሰፋናት ናት። እንደ ሌባ አልገባም፤ አንገቱን ሰብሮ እጅ ነስቶ ነው። «ስለ ዝንጉርጉሯ ነው የመጣሁት» አለ። «ሕጉን ስታወጡ አጥር ማዶ ሆኜ ሰማሁ። ልጅ በመልኩ ለአባቱ፤ ደስ የሚል ሕግ ነው። እስቲ እኔን እዩኝ።» ዞር ብሎ ነጠብጣብ ጎኑን አሳየ።

ጉባኤው ዝም አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ በሚያውቁት ግቢ ሲነጠፍለት ግን ያን ሌሊት አየሁ። በቅሎ አስወርዳ ያስነጠፈችለት የበጉን ቆዳ ነበር።

«ከሕጉ አንጻር የሚከለክል ነገር አይታየኝም» አለች ጉሮሮዋን ጠርጋ።

ድመት የምታውቀው ነገር ነበረ። ጅብ መልኩ ውሻ ይምሰል እንጂ በዝምድና ለውሻ ሳይሆን ለድመት ይቀርባል። ይህን ብትናገር ክርክሩ እዚያው ይቆማል፤ ግን የጅብ ዘመድ ልትባል ነው። ብዕሯን ላሰች። አውራ ዶሮ «የእኔ ሰዓት ገና ነው» ብሎ አንገቱን ክንፉ ውስጥ ከተተ። ሦስቱ አባቶች ጠረኑ ደርሷቸው ከየደጃቸው ይጮኹ ነበር፤ ጩኸታቸው ጥሩ ነበር፣ ውሸት አልናገርም። ግን የተነቃነቀ የለም።

ማድ ቤት ሲገቡ ስድስት አመዳም ቡችሎች አገኙ። ጥቁር የለ፣ ቀይ የለ፣ ነጭ የለ። ዝንጉርጉሯ የትኛዋ ናት? በቅሎ አንዱን በሰኮናዋ ገልበጥ አድርጋ አየች፤ ሆዱም አመድ ነው። ማንያውቃል ጥርሷን አሳየች እንጂ አልጮኸችም።

«ግድ የለም፣ አትቸገሩ» አለ አያ ጅቦ። «መለየት ካቃታችሁ ስድስቱንም ልያዛቸውና ቤቴ ሄጄ እለያቸዋለሁ።»

ይህን ጊዜ አህያ አናፋች። ለጀግንነት ብላ አይደለም፤ ግራ ታፋዋ ላይ የድሮ ጠባሳ አለ፣ የዚያን ድምፅ ባለቤት ታውቀዋለች፣ ፈርታ ነው ያናፋችው። ቢሆንም አናፋች፤ ሰፈር እስኪነቃ አናፋች። ባልቴቲቱ ባትሪና የበር መወርወሪያ ይዘው በነጠላቸው ወጡ። አያ ጅቦ የበጉን ቆዳ ነጥቆ በቀዳዳዋ ተፈተለከ።

ሲነጋ ባልቴቲቱ ቀዳዳዋን በቆርቆሮ አስመቱ፤ ላዩ ላይ እሾህ አስደረቡበት። የፊት ለፊቱ በር እንደ ወትሮው ቀን ቀን ገርበብ ብሎ ይውላል። አባቶቹ በዚያ በኩል አልመጡም። ጉባኤው «ለተሻለ ጥናት» ተበትኗል፤ ቃለ ጉባኤው ድመት ዘንድ ነው፣ የሚጠይቃት ግን የለም። ቡችሎቹ በ13ኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ፤ አመዱ ገና ከጆሯቸው ሥር አልለቀቀም ነበር።

ሦስት ወር ሲሞላቸው ባልቴቲቱ በዘንቢል ይዘዋቸው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊያስወጓቸው ሄዱ። እኔም ሁለቱን ተሸክሜ አገዝኳቸው። ሐኪሙ መርፌውን እያዘጋጀ «እማማ፣ የማን ልጆች ናቸው?» አላቸው።

«የማንያውቃል» አሉ።

ሐኪሙ ሳቀና ስድስት ካርድ ሞልቶ ሰጣቸው። ካርዱን አይቼዋለሁ፤ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ የለውም።