ጨዋው አንባቢና ነውረኛው መጽሐፍ
መቼም የኛ አንባቢ ጨዋ ነው። ስድብ የሚባል ነገር የሚያገኘው ልቦለድ ውስጥ ብቻ ነው፤ ገበያ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሳፍሮ፣ ጠጅ ቤት ጎራ ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃን ሌሊት በሰፈሩ አንደበት የጻፈበት «ሌቱም አይነጋልኝ» ለብዙ ዓመታት ሳይታተም መቆየቱ ለዚህ ጨዋ ታስቦ መሆን አለበት። ጨዋው ግን ውለታ ቢስ ሆነና ረቂቁን ከእጅ ወደ እጅ እያዘዋወረ አነበበው። ክልከላው ለመጽሐፉ ነጻ ማስታወቂያ ሆነለት።

«ሐዲስ ዓለማየሁስ ያለ ብልግና ጽፈው የለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ በደብረ ወርቅና በሌሎች የጎጃም አድባራት የተማሩት ሐዲስ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ የባላባቱን የፊታውራሪ መሸሻን ትዕቢት ለመግለጥ ነውር ቃል አላስፈለጋቸውም። ይህ የሚያስረዳው ግን የባላባት አዳራሽና የውቤ በረሃ መሸታ ቤት አንድ አንደበት እንደሌላቸው ነው። ደግሞስ ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ሰም አልብሶ በወርቁ መዝለፍ መቼ ጠፍቶት ያውቃል? «ልጆችስ?» ለሚል ሽፋኑ ላይ «ለአዋቂዎች» ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ልጆቹ ቀድመው የሚያነሡት እሱን ቢሆንም። ነውሩ ያለ ጉዳዩ የተደነቀረ እንደሆነ ደግሞ አንባቢ መጽሐፉን ይዘጋል፣ ገንዘቡንም ለሌላ መጽሐፍ ያውላል። ይህን መብት የተነፈገ አንድ ምስኪን ብቻ ነው፦ ነውሩን ለቅሞ ለማውጣት እስከ መጨረሻው ገጽ በትጋት የሚያነበው ሳንሱረኛ።