ውሮና አይጢት

ከቴፒ ወደ ሚዛን ተፈሪ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በዋንዛና በቀረሮ ጥላ ሥር ቡና የምታለማ አንዲት ባልቴት ነበረች። አይጥ ጎተራዋን ቢያስቸግራት ውሮ ከገበያ አመጣች። ደመወዙ ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጣሳ ወተት ሆነ።

ውሮ በመጀመሪያው ሌሊት አይጢትን ማጅራቷን ያዛት።

«አያ ውሮ፣ ከመንከስህ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ እዚህ ቤት ማን አስቀጠረህ?»

ውሮ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ። እኔ የሞትኩ ቀን ወተትህም አበቃ።»

ውሮ ጥፍሩን ሰበሰበ። ሩጫው በማግስቱ ተጀመረ።

አይጢት በረከቦቱ ሥር ስትሾልክ ውሮ ሲኒውን ሁሉ በትኖ ከሙቀጫው ጋር ተላተመ፤ ዘነዘናው ጅራቱ ላይ ወደቀ። እየጮኸ ቆርቆሮው ላይ ወጣ፣ ተንሸራቶ ገንዳ ውስጥ ገባ። መንደሩ በሳቅ ፈረሰ። ውሎ አድሮ ግን ሳቁ ጎራ ለየ። ዶሮዎች የውሮ ወገን ነን አሉ፤ ጃርትና ድንቢጥ የአይጢት። አንዱ ወገን ከሌላው ጋር ቡና መጠጣት ተወ። በቡና አገር ከዚህ የከፋ መቆራረጥ አላውቅም።

ዊሊያም ሐናና ጆሴፍ ባርቤራ በፈረንጆች 1940 ባወጡት የመጀመሪያው የቶምና ጄሪ ፊልም፣ ድመቱ አንድ ዕቃ ደግሞ ከሰበረ ከቤት እንደሚባረር ይነገረዋል። የካርቱን ድመት እንደ ቂጣ ተጠፍጥፎ ወዲያው ይነሣል። የባልቴቷ እሸት ቡና ግን በሩጫው ከማድረቂያው አልጋ ተገልብጦ እርጥብ መሬት ላይ ከፈሰሰ በኋላ አይነሣም። የአፈር ሽታ ይይዛል፣ ደረጃው ይወርዳል፤ ገዢው አንድ ጊዜ አሽትቶ ዋጋውን ይቆርጣል።

ባልቴቷ አይጢት የምትደበቀው ዳዋ ውስጥ ነው ብላ ገጀራዋን አነሣች። ዳዋው ተመነጠረ፤ በሥሩ ራሳቸው የበቀሉት፣ ለከርሞ ልታዛውራቸው ያሰበቻቸው የቡና ችግኞችም አብረው ተቆረጡ። ምንም ያልበሉት እነሱ ነበሩ።

አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲያባራ ባትሪ ይዛ ጎተራ ገባች። ውሮና አይጢት አንድ ጣሳ ከበው ነበር፤ እሱ ወተቱን ይልሳል፣ እሷ በቆሎውን ትቆረጥማለች።

አንድ ቃል አልተነፈሰችም። በነጋታው የጎተራውን እግሮች አይጥ እንዳይወጣባቸው በቆርቆሮ ጠቀለለች። ወተቱንም አቆመች።

ሁለቱ ጎን ለጎን ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«እማማ፣ ውሮ በረሃብ ሊያልቅ ነው» አለች አይጢት።

«አይጢትስ ምን ትብላ? ግፍ አይደለም ወይ?» አለ ውሮ።

ይህን ሁሉ ጉሬዛ ከቀረሮው ላይ ሆኖ ሰማ። ወርዶ ለመንደሩ የሰማውን አንድ ሳያስቀር ተናገረ። ዶሮዎቹ «የአይጢት ሰላይ» ብለው አባረሩት። ጃርትና ድንቢጥም «የውሮ ሰላይ» አሉት።