ቁረጡ ካላችሁ፣ ምኑን?

ቨርጂኒያ፣ ቤይሊስ ክሮስሮድስ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ትሪ ይዤ ስመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ጠረጴዛው ላይ የሚበላውም የሚወራውም የአገር ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 የፌርፋክስ ካውንቲ በተዘጋጀ ምግብ ላይ የ4 ከመቶ ግብር ጀመረና ወሬው አገር ቀየረ። ሂሳብ ባቀረብኩ ቁጥር አንድ ጣት ወረቀቱ ላይ ያርፋል፣ "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ይባላል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ዴሞክራትና ሪፐብሊካን ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል፤ እኔም ዝም አላልኩም። የተባልኩትንና የመለስኩትን ይኸው።

መጀመሪያ የተናገሩኝ ጋሼ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ ለብለብ የሚያዙ፣ ደግ ሰው።

"ዘጠኝ ዴሞክራት ተሰብስቦ ኪሴ ገባ!" አሉ።

"ቁጥሩን አልሳቱም፣ ጋሼ። የካውንቲው ቦርድ አሥር ወንበር ነው፤ ዘጠኙ ዴሞክራት፣ አንዱ ሪፐብሊካን። አንዱ የስፕሪንግፊልዱ ፓት ሄሪቲ ናቸው፤ ይህን ግብር ተቃውመዋል። በ2023 አሥሩም ወንበር ለምርጫ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ለማን ድምፅ ሰጡ?"

"እኔ የመረጥኩት በ2024 ነው። ፕሬዚዳንት።"

"ፕሬዚዳንቱ በክትፎዎ ላይ ግብር አይጥልም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ የድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ዴሞክራት ሪፐብሊካን ብሎ ካልጻፈልኝ በምን ልለየው?"

ይህን ሲሉ እውነት አላቸው። በቨርጂኒያ ለካውንቲ ቦርድ ስንመርጥ ከተመራጩ ስም ጎን የፓርቲ ስም አይታተምም። ፓርቲው ያለው ከበሩ ውጭ፣ ናሙና ወረቀት በሚያድሉት ሰዎች እጅ ነው። ሰማያዊውን የተቀበለ ሰማያዊውን፣ ቀዩን የተቀበለ ቀዩን እየገለበጠ ይወጣል። "ወረቀት ከሚሰጥዎ ሰው ላይ ስም አይቀበሉ፤ ጥያቄ ይጠይቁት" አልኳቸው። "ምን ብዬ?" አሉ። "የሰፈሬን ቤተ መጻሕፍት ስንት ቀን ትከፍተዋለህ? ብለው ይጀምሩ።"

ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት ሹካውን አስቀመጠ። የጭነት መኪና ይነዳል፣ ሬዲዮ ሲያደምጥ ይውላል፣ የሰማውን ሁሉ ሳያኝክ ያቀብላል።

"መፍትሔው ቀላል ነው" አለ። "ወጪ መቁረጥ!"

"ምኑን?"

"ብክነቱን።"

"ብክነት የሚባል መሥሪያ ቤት የለም፤ በርና ቁጥር ያለው ነገር ጥራልኝ። ከካውንቲው ዋና ቋት ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላዩ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። የትምህርት ቦርዱ ራሱን ችሎ ይመረጣል፣ ግብር የመጣል ሥልጣን ግን የለውም፤ እጁን ዘርግቶ የካውንቲውን ቦርድ ይጠብቃል። በ2025 የጠየቀውን ያህል አላገኘም። ከቀረው ፖሊሱ አለ፣ እሳት አደጋው አለ፣ አውቶቡሱ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ለአረጋውያን የሚሆነው አለ። ቢላዋውን ያዝ፤ ከየቱ ትጀምራለህ?"

"ከቢሮክራሲው ነዋ።"

"ባለፈው ወር እናትህን በአምቡላንስ ወሰዷቸው ብለህ እዚሁ ወንበር ላይ ስታለቅስ ነበር። በስንት ደቂቃ ደረሱ?"

"በስድስት።"

"አምቡላንሱም ሠራተኞቹም የካውንቲው ናቸው። በዝርዝሩ ላይ 'የካውንቲ ደመወዝተኛ' ተብለው ነው የተጻፉት። አንተ ቢሮክራሲ የምትላቸው ውስጥ አሉበት።"

ቁረጡ የሚል ሰው ሁሉ ጠላቴ አይደለም። ካውንቲው ቢሮ አይጨምርም፣ በውል ገንዘብ አያባክንም፣ ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም። እየዞርኩ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የሚቆረጠውን በስሙ ጥሩት። በስሙ የጠራ ሰው ጋር እከራከራለሁ፤ ምናልባትም እስማማለሁ። ስም የሌለው ቅነሳ ግን ሲወርድ የሚያርፈው ድምፅ በሌለው ላይ ነው፤ ከትምህርት በኋላ ልጅ የሚጠብቀው ፕሮግራም ላይ፣ ሌሊት ከሥራ የሚመልሰኝ አውቶቡስ ላይ።

ወጣቱን ስጨርስ ከመስኮቱ አጠገብ ያሉት ሴትዮ አጨበጨቡልኝ። ተምረዋል፣ ለዴሞክራት ቤት ለቤት በር ያንኳኳሉ፣ አከብራቸዋለሁ።

"ጎበዝ! ንገሪያቸው!" አሉ። "ለልጆቻችን ነው። አራት ከመቶ ለመክፈል የሚያጉረመርም ትምህርት የሚጠላ ነው።"

"እትዬ፣ ጭብጨባዎን ይያዙልኝ፤ የእርስዎ ተራ ነው። ሕዝቡ በ1992 የምግብ ግብር ተጠይቆ እምቢ ብሏል። በ2016 እንደገና ተጠይቆ እንደገና እምቢ ብሏል። ያኔ እንኳ ከገቢው 70 ከመቶው ለትምህርት ቤት ነው ተብሎ በጥያቄው ላይ ሰፍሮ ነበር። በ2020 ሪችመንድ፣ የስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ የእርስዎ ፓርቲ አብላጫውን ይዞ ሳለ፣ ካውንቲዎች ሕዝብ ሳይጠይቁ እስከ 6 ከመቶ እንዲጥሉ ተፈቀደ። በ2025 ቦርዱ አጸደቀው፤ በድምፅ መስጫ ወረቀት ግን ማንም አልጠየቀንም። ሕጋዊ ነው?"

"በሚገባ!"

"ሕጋዊ ነው። ሁለት ጊዜ እምቢ ያለ ሰው በሦስተኛው ሳይጠየቅ ሲቀርስ? እምቢ ያለው ሁሉ ትምህርት ጠላት ነው? እኔ ሁለት ልጆቼን በዚህ ካውንቲ ትምህርት ቤት የማስተምር ነኝ። 'ክፈይ' ከማለትዎ በፊት 'ለምን አንቺ' የሚለውን ይመልሱልኝ።"

"ከፋዩ እንግዳው እንጂ አንቺ መቼ ሆንሽ?"

እዚህ ላይ ድምፄ ከፍ ማለቱን አልክድም። በቨርጂኒያ ሕግ ጉርሻ ለሚቀበል ሠራተኛ አሠሪው በሰዓት በጥሬው የሚከፍለው ዝቅተኛ ደመወዝ 2 ዶላር ከ13 ሳንቲም ነው። የቀረውን የሚሞላልኝ እንግዳው የሚተወው ጉርሻ ነው። አንድ ቤተሰብ መቶ ዶላር ይዞ ከቤቱ ወጣ እንበል። የሽያጩ ግብር 6፣ አዲሱ ግብር 4፤ ከሰማንያ ዶላር ምግብ ላይ ስምንት ዶላር ለግብር ሄደ። መቶዋ አላደገችም። ሳህኑን ባዶ ካደረጉ በኋላ ታጥፋ የምትቀረው የእኔ ድርሻ ናት። አራት ከመቶው ወረቀቱ ላይ የተጻፈው በእንግዳው ስም ነው፤ ከየትኛው ኪስ እንደሚወጣ የማውቀው ማታ ላይ ስቆጥር ነው።

"እትዬ፣ እርስዎ ቤት አለዎት። ዋጋው 700 ሺህ ዶላር ነው ብለን እንያዝ። የምግቡ ግብር በጸደቀበት በዚያው በጀት የቤት ግብሩ ከመቶ ዶላር 1.125 ወደ 1.1225 ዝቅ ብሏል። ግምቱ ባለበት ቢቆም ቅናሹ በዓመት 17 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው።"

"ግምቱማ የት ይቆማል! ወጣ እንጂ!"

"ወጣ። ስለዚህ እርስዎም አልቀለለዎትም፣ እኔም ከበደኝ። ሁለታችንንም የሚያከብድ ነገር ካለ ጥላቻን ወደ ጎን ትተን ምንጩን ብንፈልግ ምን አለ?"

ምንጩ ከመስኮቱ ውጭ ይታያል። ስካይላይን የሚባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንድ ዘመን በመከላከያ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የተሞሉ ነበሩ። መንግሥት ቢሮዎቹን ወደ ጦር ሰፈር ሲሰበስብ ፎቆቹ ባዶ ቀሩ፤ ጥቂቶቹ ኋላ መኖሪያ ቤት ሆኑ። ባዶ ቢሮ ዋጋው ይወርዳል፣ ዋጋው ሲወርድ ግብሩ ይወርዳል፣ የጎደለውን የመኖሪያ ቤት ባለቤት ይሞላል። ጠረጴዛው ላይ ለሚያናክሱን ፓርቲዎች ይህ መፈክር አይሆናቸውም መሰለኝ፤ አንዳቸውም ሲያነሱት አልሰማሁም።

አሠሪዬ ከካሸሪው ጋ ሆነው እስካሁን ዝም ብለው ነበር። "ደንበኛው ወደ ሌላ ካውንቲ ይሸሻል" አሉ።

"ወዴት፣ እማማ? የእኛ ሲጀመር አርሊንግተን የምግብ ግብሩ 4 ነበር። አሌክሳንድሪያ ከተማ 5። ፕሪንስ ዊልያም 4። ወንዙን ተሻግረው ዲሲ ቢገቡ በምግብ ቤት 10 ነው፤ እኛ ጋ የሽያጩና የምግቡ ግብር ሲደመር የሚደርሰው ያው ነው። ያልጣለው ሉደን ነው፤ እሱን የዳታ ማዕከሎቹ ግብር ያግዘዋል። ለአንድ ሳህን ጥብስ ሉደን ድረስ የሚነዳ ሰው የለም።"

"እንግዲያ ምን ልፍራ ነው የምትይኝ?"

"ደንበኛው ወደ ሌላ መሄዱን አይፍሩ። ቤቱ መቀመጡን ይፍሩ።"

እማማ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንት ሦስቴ ይመጣ የነበረ አሁን አንዴ ሲመጣ ሁለታችንም እናያለን።

ባለቤቴ ሊወስደኝ ሲመጣ እሱም ወሬው ውስጥ ገባ። ሰው በመኪና እየጫነ ነው የሚኖረው። "የምግቡን ግብር ተዉት፣ የሚገለኝ የመኪናዬ ግብር ነው" አለ። በፌርፋክስ የመኪና ግብር ከመቶ ዶላር ዋጋ 4 ዶላር ከ57 ሳንቲም ነው። ስቴቱ ለግል መኪና የሚሰጠው ቅናሽ አለ፤ መኪናህ ከግማሽ በላይ ለሥራ ከተነዳ ግን ቅናሹን አታገኝም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚጭንን መኪና ቅናሹ እንዲህ ነው የሚያልፈው።

"ሪፐብሊካኖቹ ይህን ግብር እናጠፋለን ብለዋል" አለኝ።

"ውዴ፣ ጂም ጊልሞር ለገዥነት ሲወዳደሩ ይህንኑ ብለው ነው በ1997 ያሸነፉት። አንተ ያኔ አዲስ አበባ ኳስ ትጫወት ነበር። ከዚያ ስቴቱ የሚያካክሰው በዓመት 950 ሚሊዮን ዶላር ላይ ተገደበ። መኪናው ጨመረ፣ ዋጋው ጨመረ፣ ማካካሻው ቆመ። ካጠፉትም ካውንቲው የሚያጣውን ማን ይሞላል? ንገረኝና ነገ ጠዋት አብሬህ ወጥቼ እመርጣለሁ።"

"እሺ፣ በረዶውስ? ሦስት ቀን ከሰፈር ሳልወጣ ቆየሁ። ግብር ከፍዬ!"

"ለማን ደወልክ?"

"ለካውንቲው። ጮህኩባቸው።"

"መንገዱ የእነሱ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአርሊንግተንና ከሄንራይኮ በቀር የካውንቲ መንገድ የሚጠገነውም የሚጠረገውም በስቴቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው። የጮህክባት ልጅ አካፋም የላትም።"

ሴትዮዋ ከመስኮቱ ዳር "አየህ! ችግሩ ሪችመንድ ነው!" አሉ። በዚህስ አልተከራከርኳቸውም። ቨርጂኒያ ውስጥ ካውንቲ ስቴቱ በግልጽ ያልፈቀደለትን ግብር መጣል አይችልም። የስቴቱ ምክር ቤት የራሱ የጥናት ክፍል በ2023 እንዳወጣው፣ የቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚያገኙት ገንዘብ ከአገሪቱ አማካይ 14 ከመቶ ያንሳል። ካውንቲዎች ሕዝባቸውን ጠይቀው ለትምህርት ቤት ሕንፃ አንድ ከመቶ የሽያጭ ግብር እንዲጨምሩ የሚፈቅድ የሕግ ረቂቅ በምክር ቤቱ ሲያልፍ ደግሞ፣ የያኔው ገዥ ግሌን ያንግኪን በ2024ም በ2025ም አልፈርምም ብለዋል።

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ያ ረቂቅ "ሕዝቡን ጠይቁ" የሚል ነበር። ሕዝቡ ይወስን ሲሉ ይውሉ የነበሩት ሪፐብሊካን ገዥ ጥያቄውን ከለከሉ፤ ለድሀው ቆሜያለሁ የሚለው የዴሞክራት ቦርድ ሳይጠይቅ የእኔን ሳህን ቀረጠ። ሁለቱም የሸሹት አንድ ነገር ነው፤ እኔን መጠየቅ።

ጋሼ እስካሁን ሂሳቡን አልከፈሉም። ጣታቸው አሁንም ወረቀቱ ላይ ነው።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ለእኔ ምን ታወሪኛለሽ? ሄደሽ ለእነሱ አትነግሪያቸውም?"

"እሄዳለሁ። በጀቱ ከመጽደቁ በፊት በየዓመቱ በኤፕሪል ሕዝብ የሚናገርበት ቀን አለ። ስም ማስመዝገብ ነው፤ በአካል ይሆናል፣ በስልክም ይሆናል። የእኔን አስመዘግባለሁ። የእርስዎንም ልጻፍ?"

"ስንት ሰዓት ያናግሩናል?"

"ሦስት ደቂቃ።"

"ሦስት ደቂቃ! በሦስት ደቂቃ ምን ይባላል?"

"ጋሼ፣ ሂሳቡን ካመጣሁልዎ ጀምሮ ብቻዎን የተናገሩት ሲደመር ከዚያ አይበልጥም። አራት ጠረጴዛ አስነስተዋል።"

እስክሪብቶዬን ከእጄ ወሰዱና ሂሳቡ ጀርባ ላይ ስማቸውን መጻፍ ጀመሩ።