ጆርጂያ፦ እግር ጡረታ የወጣበት አገር

ሰሞኑን ስልኬ እረፍት አጥቷል። አንዱ ከዲሲ፣ አንዷ ከሚኒሶታ፣ ሌላው ከሲያትል ይደውላሉ፤ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ጆርጂያ እንዴት ነው? ቤት ርካሽ ነው አሉ፤ በረዶም የለም አሉ።» የጉልበቴን ሕመም የሚጠይቀኝ የለም፤ የቤት ኪራዩን ግን ሁሉም ይጠይቃል። ለእያንዳንዳችሁ ከምደክም አንዴ ተናግሬ ልገላገል። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው፤ ማስላቱን ለእናንተ ለጎበዞቹ ትቻለሁ።

ጆርጂያ ሰፊ ነው። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ካሉት ግዛቶች በየብስ ስፋት የሚበልጠው የለም። ሰሜኑ የአፓላቺያን ተራራ፣ መሀሉ ቀይ አፈር፣ ደቡብ ምሥራቁ አትላንቲክ ውቅያኖስ ነው። ተራራ ስላችሁ እንዳትደነግጡ። ከሁሉ የሚበልጠው ብራስታውን ቦልድ 1,458 ሜትር ነው፤ መርካቶ ሆኖ ቁልቁል የሚታይ ማለት ነው። ሰዉ ግን እዚያ ወጥቶ «ዋው» እያለ ፎቶ ይነሳል። እኔ ዝም እላለሁ፤ በሰው አገር ተራራ ላይ ምን አገባኝ!

ግዛቱ 159 ካውንቲ አለው። ከቴክሳስ በቀር እንዲህ የተሸነሸነ የለም። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ ገበሬው በበቅሎው ወደ ካውንቲው ዋና ከተማ ሄዶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ሳይመሽበት ቤቱ እንዲገባ ነው ይባላል። ደግ ሐሳብ ነበር። ዛሬ በቅሎዋም የለችም፣ እግርም ጡረታ ወጥቷል። እኔ አንድ ኪሎ ቡና ለመግዛት ልጄ ከሥራ እስኪወጣ፣ ልጄ ደግሞ መንገዱ እስኪለቅ እንጠብቃለን። ሙሾዬ ይኸው ነው።

የሰፈራችን የእግረኛ መንገድ ሐሳቡ የማይጸና ነው። ከአፓርትመንታችን በር ይነሳል፣ ሁለት ዛፍ ያልፋል፣ ነዳጅ ማደያው ጋ ሲደርስ ሣር ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ቦይና ቀይ ጭቃ ነው። አንድ ምሽት ጋቢዬን ደርቤ በዚያው ሣር ላይ ስራመድ አንዲት ሴት መኪናዋን አቆመች፤ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ መኪናዬ ተበላሽቶብኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። «የለም፣ እየተንሸራሸርኩ ነው» አልኳት። አላመነችኝም። ፊቴን አይታ አንድ ጠርሙስ ውሃ ሰጠችኝና «እግዚአብሔር ይርዳህ» ብላ ሄደች። በእግሩ የሄደ ሰው ምጽዋት የሚቀበልበት አገር!

ደግሞ ያቺ ጋቢ የደረሰባትን ልንገራችሁ። ማርች ሲያልቅ የጥድ ብናኝ ይመጣል። መኪናው፣ በረንዳው፣ የውሻው ጀርባ ሳይቀር እርድ የተነሰነሰበት ይመስላል። ነጭ ለብሼ ወጥቼ ቢጫ ለብሼ ገባሁ። ባለቤቴ በሩ ላይ አስቁማ በመጥረጊያ አራገፈችኝ፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ ሳስነጥስ አደርኩ። ኦገስት ሲደርስ ደግሞ አየሩ ውሃ አዝሎ ይተኛባችኋል። «በረዶ የለም» ያላችሁን ሰው 2014ን ጠይቁት። በጃንዋሪ 28 ሁለት ኢንች ገደማ በረዶ ጣለና አትላንታ ባለችበት ቀረች። ሰው ሃይዌይ ላይ፣ ተማሪ ትምህርት ቤት አደረ። ብዙ ሰው መኪናውን ጥሎ በእግሩ ቤቱ ገባ። ከተማዋ ስትራመድ የታየችው ያን ዕለት ነው።

ባቡር የለም እንዳትሉኝ፣ ማርታ የምትባል አለች። የወንጌሏ ማርታ እንግዳ ለማስተናገድ ስትሯሯጥ ትውላለች፤ የአትላንታዋ ግን እንግዳውን ከኤርፖርት ተቀብላ ዳውንታውን ታደርስና ኮብ ካውንቲ ድንበር ላይ እጇን ታጥፋለች። በኮብም በግዊኔት ካውንቲም ባቡሯ አትገባም፤ የግዊኔት ሕዝብ በ2019 ድምፅ ሰጥቶ «ይቅርብን» ብሏል። ኤርፖርቱ በመንገደኛ ብዛት የዓለም አንደኛ ነው፤ የኛም አየር መንገድ ከ2023 ጀምሮ ያርፍበታል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ አትላንታ መምጣት ቀሎ፣ ከአትላንታ ኮብ ውስጥ ማሪዬታ መድረስ ከበደ።

አሁን የሚገርመኝን ስሙ። በዚህ ግዛት ታሪክ ተብሎ የተጻፈው ነገር ብዙው በእግር የተሠራ ነው። በ1829 ዳሎኔጋ አካባቢ ወርቅ ተገኘ ተባለና ሕዝብ ጎረፈ። የመሬቱ ባለቤቶች ቼሮኪዎች በ1838 በወታደር እየተነዱ ወደ ምዕራብ ተሰደዱ፤ በሺህ የሚቆጠሩትም በዚያ ስደት አለቁ። የግዛቱ ካፒቶል ጉልላት በዚያው በዳሎኔጋ ወርቅ ነው የተለበጠው፤ ሲያብለጨልጭ ስታዩት ይህንንም አስቡ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ደግሞ፣ በ1864፣ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን አትላንታን አቃጥሎ 60,000 ያህል ወታደር አስከትሎ ባሕሩ ድረስ ተጓዘ፤ ሳቫናን ያዘና ለፕሬዚዳንት ሊንከን የገና ስጦታ ብሎ ቴሌግራም ላከ። ያን ሁሉ አገር ያጠፋው በአምስት ሳምንት ነው፤ ዛሬ መንገዱን ለመጠገን እንኳን ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይወስዳሉ።

ማርቲን ሉተር ኪንግንም እዩ። የተወለደበት ቤት፣ ያገለገለበት ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያንና መቃብሩ አትላንታ ኦበርን ጎዳና ላይ በጥቂት ደቂቃ እርምጃ ይገናኛሉ። በእግሩ አገር የለወጠ ሰው ሰፈሩም በእግር ይዳረሳል። እናንተ ግን እንግዳ ስታመጡ የምትወስዱት ሞል ነው።

በ1989 ደግሞ ደርግና ሻዕቢያ እዚሁ አትላንታ በጂሚ ካርተር አደራዳሪነት ጠረጴዛ ከበው ተነጋገሩ። ቁጭ ብለው ነው የተነጋገሩት፤ አልሆነም። አብረው ቢንሸራሸሩ ኖሮ ምን ይታወቃል!

የሁሉ ቁንጮ ግን 1996 ነው። ፋጡማ ሮባ ይህን ኮረብታማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር በእግሯ አዳርሳ፣ ተከታይዋን በሁለት ደቂቃ ጥላ ገባች፤ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች። አትላንታን በእግሩ ያዳረሰ ወርቅ ይገባዋል፤ ፍርዱ ትክክል ነው። በማግሥቱ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን ቀደመው፤ መሮጫው ድርቅ ያለ ነበርና እግሩ ቆስሎ 5,000ውን ተወው። ይኸው፣ የዚህ ከተማ መሬት ራሱ እግር አይወድም። ስታዲየሙንም ወዲያው ቆርጠው ቤዝቦል ሜዳ አደረጉት። ኋላ የቤዝቦሉ ቡድን በ2017 ጥሎት ሄደ። የት ቢሉ፣ ባቡር የማይደርስበት ኮብ።

ለእንጀራ የማይራመድ ሕዝብ ለመዝናናት ሲራመድ ደግሞ ልክ የለውም። ከዚህ ከስፕሪንገር ተራራ ተነስተው እስከ ሜይን ግዛት 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ድንኳን ተሸክመው የሚሄዱ አሉ። ሥራቸውን ለቀው! የኔም ልጅ ያው በሽታ ተጋብቶበት፣ ሐኪም «አባትህ ይራመዱ» ቢለው በመኪና እያዞረ መራመጃ ቦታ ይፈልግልኛል። መንገዱ ከእርምጃው ይረዝማል።

ምግቡን አትጠይቁኝ፤ ሁሉ ነገር ጣፋጭ ነው። ሻዩ እስኪያጣብቅ ስኳር ነው። ግዛቱ በፒች ስም ይጠራል፤ ካሊፎርኒያና ሳውዝ ካሮላይና ግን በፒች ምርት ይበልጡታል። እውነተኛ ሀብቱ ኦቾሎኒ ነው፤ ከአሜሪካ ኦቾሎኒ ግማሽ ያህሉ ከዚህ ይወጣል። ማንም ግን ጎዳናውን ኦቾሎኒ ብሎ አልሰየመም፤ በየማዕዘኑ ፒችትሪ ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ የትኛው ፒችትሪ እንደሆነ ጠይቁ። ሽንኩርቱስ! ቪዳሊያ የሚሉት አለ፤ አፈሩ ድኝ ስለሚያንሰው ያቃጥላል ሲባል ይጣፍጣል። በ1986 ሕግ አውጥተው ከ20 ካውንቲ ውጭ የበቀለ በዚህ ስም እንዳይጠራ ከለከሉ፤ እንደ ታቦት ይጠብቁታል። ባለቤቴ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በዚያ ቁሌት ጀመረች። ስትከትፈው አንዲት እንባ አልወጣትም። ድስቱ ውሃ ሆነ፣ ወጡ ማር ማር አለ፤ እንግዳው ጨዋ ነውና «ይጣፍጣል» አለ። እውነቱን ነው፤ ጣፍጧል።

ሰው ሆናችሁ መኖር ከፈለጋችሁ ሳቫና ሂዱ፤ ከአትላንታ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። የቅኝ ግዛቱ መሥራች ኦግልቶርፕ በ1733 ሲቆረቁራት መኪና አልነበረምና ለሰው ሠራት። በየጥቂት እርምጃው የዛፍ ጥላ ያለው አደባባይ አለ፤ ዛሬም 22 ናቸው፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ አረፍ ስትሉ መኪናችሁ ተበላሽቷል ወይ የሚል የለም። ይኸው ሰውዬና ባልደረቦቹ በ1735 ባርነትንም ከልክለው ነበር፤ በ1751 ክልከላው ተነሳ፤ ቀሪውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ወደ ደቡብ ስትወርዱ ከምበርላንድ ደሴት አለ፤ ጎብኚ በጀልባ ይሻገራል እንጂ መኪናውን ይዞ አይገባም፤ ዳርቻው ላይ ፈረስ ልቅ ሆኖ ይሄዳል። እንጀራ የሚሸጥበት ቢሆን ኖሮ እኔም አብሬው እቀር ነበር።

እንመጣለን ካላችሁ እንግዲህ ኑ። እንደመጣችሁ በ30 ቀን ውስጥ የጆርጂያ መንጃ ፈቃድ አውጡ፤ ሕጉ ነው። ቤት ስትከራዩ ስለ ኩሽናው ከመጠየቃችሁ በፊት የእግረኛ መንገዱ የት ላይ እንደሚያልቅ እዩ። ከቤት ወደ ሥራ፣ ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነድታችሁ «ጆርጂያን አውቃታለሁ» የምትሉኝ ከሆነ ግን አልሰማችሁም። ሰላም ልትሉኝ ስትመጡ ደግሞ «እየመጣን ነው፣ ፓርኪንግ አለ ወይ» ብላችሁ እንዳትደውሉ። በእግራችሁ መጥታችሁ አንኳኩ፤ ያኔ እከፍታለሁ።