የማሰሮው ውክልና

በወላይታ ዞን የውክልና ጥያቄ ሌሎች አገሮች ባልደረሱበት ብልሃት ተፈትቷል። ሂላንቻ በሚል የወል ስም የሚታወቁት ባለእጆች፣ ማለትም ሸክላ ሠሪዎች፣ ብረት ቀጥቃጮችና ቆዳ ፋቂዎች፣ በልማድ ከገበሬው ጋር የማይጋቡና ከማዕዱም ሲገለሉ የኖሩ ወገኖች ሲሆኑ፣ በሸንጎና በምክር ቤት ወንበር ላይ አልታዩም ብሎ የሚያማርር ሰው ያላስተዋለው ነገር አለ፤ በመስከረም፣ በወላይታ የዘመን መለወጫ በጊፋታ፣ ሶዶ ላይ ኤግዚቢሽን በተከፈተ ቁጥር ማሰሯቸው ከክብር እንግዳው ጎን ፎቶግራፍ ይነሣል። ማሰሮው ከተገኘ ሠሪዋ ምን ልታደርግ ትመጣለች?

እንዲያውም ከማሰሮ የተሻለ ተመራጭ አይገኝም። አፍ እያለው አይናገርም፣ ጆሮውም ለመያዣ እንጂ ለሐሜት አልተሠራም፤ የተጨመረበትን አጀንዳ ሁሉ ያለ ማሻሻያ ይቀበላል፣ አበል አይጠይቅም፣ ለመስክ ጉብኝት መኪና አይሻማም። ቃለ ጉባኤ ያዡ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብሎ ሲጽፍ ማሰሮው ካልተነቃነቀ ደግፏል፤ ከተነቃነቀም ጠረጴዛው አልተደላደለም ማለት ነው። የአቤቱታ ሰሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቢደረግ ደግሞ፣ የቀረበለትን ሁሉ ከድኖ በማቆየት ልምድ ካላቸው ሰብሳቢዎች አያንስም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የፖለቲካ መቀመጫ የሆነችው ሶዶ ስብሰባ ስለበዛባት፣ እንዲህ ያለ ተሰብሳቢ ያስፈልጋታል።

ሕጉም አያስቸግርም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ከ550 ከማይበልጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ቢያንስ 20ውን አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሲይዝ፣ ሂላንቻ ግን ወላይትኛ ተናጋሪ ወላይታ ስለሆኑ አይመለከታቸውም፤ ለኮታ ሲታሰቡ ወላይታ ናቸው፣ ለጋብቻ ሲታሰቡ ሌላ። ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናትም በአንድ አግዳሚ አስቀምጠዋቸዋል፤ የሠርጉ ነገር ለጊዜው ይቆይ።

ጭቃውን ቆፍራ፣ ፈጭታና አሽታ፣ ያለ መሽከርከሪያ በእጇ አቁማ፣ በሜዳ እሳት ተኩሳ፣ በጀርባዋ ገበያ ያወጣችው ሴት በሠራችው ማሰሮ ጎመኑን ቀቅሎ እየበላ፣ ልጇን ለልጁ መዳር የሚጸየፍ ሰው ነውረኛ ነው። ባህሏን በፖስተር እያሳተመ ወንበር የሚነፍጋት ሹምም ከእሱ አይሻልም።

የማሰሮው ውክልና ግን ወጪ ቆጣቢ መሆኑ አይካድም። ተመራጩ ቢሰበር የማሟያ ምርጫ አያሻም፤ ገበያ ላይ ሌላ ሞልቷል፣ ሻጯ የጠራችው ዋጋም «ጭቃ አይደል እንዴ!» ተብሎ በግማሽ ይወርዳል።